የአያ ገብረ መስቀል ሳል

ኢስሀቅ ሻይ ሲጋብዙት እንኳ መጀመሪያ ጋባዡን፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን አገላብጦ የሚያይ ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ «እንዳትነቃነቁ!» እያለ ሙሽራ ሲያነሳ ኖሯል። አሁን ግን ሁሉም በየስልኩ ፎቶ አንሺ ሆነና ፎቶ ቤቱ ጭር አለ። ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ሐይቁ ዳር የተሠራ አዲስ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ግድግዳ በበረራ ላይ ያለ ዓሣ አዳኝ ንስር ፎቶ ፈለገ። በሳምንቱ መጨረሻ የተሻለውን ያመጣ የሆቴሉን የፎቶ ሥራ በሙሉ ይይዛል። ተፎካካሪው አንድ ብቻ ነው፤ ከማዶ ፎቶ ቤት ያለው ቃለ ሕይወት።

ንስር ደግሞ እንደ ሙሽራ አይታዘዝም። ኢስሀቅ በየማለዳው ዳርቻው ላይ ካለችው ዋርካ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ንስሩም ቅርንጫፉ ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ቁልቁል ያየዋል። ክንዱ እስኪዝል ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል። ዓይኑን ለማሸት ዝቅ ሲያደርገው ንስሩ እብስ! ፎቶው ላይ የሚቀረው ባዶ ቅርንጫፍ፣ ቢበዛ የጭራ ጫፍ ነው።

በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ከነከነው። ዋርካዋ ሥር አያ ገብረ መስቀል የሚባሉ ሽማግሌ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ወፉ ሊነሳ ሲል እሳቸው ያስላሉ። አንዴ ቢሆን ጉንፋን ነው ይባላል፤ ሁለቴም ይሁን። በዚያን ቀን ግን ሦስት ጊዜ ሳሉ፣ ሦስቴም ወፉ በረረ። ለካስ እያስበረገጉበት ነው! ማን ልኳቸው? ከቃለ ሕይወት ሌላ ማን አለ? ሰውየው ትናንት መንገድ ላይ ሲያገኘው ያለወትሮው ፈገግ ማለቱም ትዝ አለው።

ለማጣራት በማግስቱ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሽማግሌውን ብቻ ሲሰልል አረፈደ። እሳቸው አቀርቅረው ያስራሉ፤ ወደ ላይ ዞር ብለው እንኳ አያዩም። ተንኮሉ ይኼ ነው፣ አለ በልቡ፤ ያላየ መምሰል። ወዲያው ሳል ተሰማ፤ ንስሩም ሄደ። ኢስሀቅ ደሙ ፈላ።

«አያ፣ ማን ነው የላከዎት?»

«ወዴት?»

«እኔ ላይ ነዋ! ወፉን እያባረሩ እንጀራዬን የሚዘጉብኝ ቃለ ሕይወት ምን ቢልዎት ነው?»

ሽማግሌው የያዙትን ደንገል አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ማዘናቸው ግን ፊታቸው ላይ ታየ።

«ቃለ ሕይወት የምትለውን አላውቀውም። የሳልሁትስ ላንተ ብየ ነው። ሊነሳ ሲል ላባውን ሲያራግፍ እሰማዋለሁ፤ ኩሱም ቅጠሉ ላይ ጠብ ይላል። ከዚያ ወዲያ አይቆይም። ካሜራህ ቀጭ የሚለው ወፉ ከሄደ በኋላ ነውና፣ ሰውየው ይዘጋጅ ብየ ሳልሁ። ብጮህ ይደነግጥብሃል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደህና አደርህ ስልህ መቸ መለስህልኝ?»

እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰላም ሲሉት፣ ሊለጠፉብኝ ነው ብሎ ፊቱን አዙሮባቸዋል። ኢስሀቅ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በመጨረሻው ማለዳ ከሁሉ በፊት ደህና አደሩ ብሎ ቆመ። እሳቸውም መለሱለት። ረጅም ጊዜ ጠበቁ። ከዚያ አያ ገብረ መስቀል ሳሉ፤ ኢስሀቅም ካሜራውን አንስቶ ቁልፉን ተጫነ። ንስሩ ክንፉን ዘርግቶ፣ ጥፍሩን ወደ ውሃው ሰድዶ ጥርት ብሎ ወጣ።

እየሮጠ ሄዶ አሳያቸው። ሽማግሌው ካሜራውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቆዩ።

«ዓይኔ ከፈዘዘ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብርሃንና ጥላ እንጅ ሌላ አልለይም» አሉ። «ወጥቷል?»

«ወጥቷል፣ አያ።»

«ክንፉ ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እሰይ!» አሉና ካሜራውን መለሱለት። ደግመው አልጠየቁትም፤ ያለውን እንዳለ አመኑት።