ያልተከፈቱት የአሊስተር ውስኪዎች

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ስዊድን አገር፣ ሱንድቢበሪ በምትባል ከተማ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቅነሽ ጋር ይኖራሉ። ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ የአፈር ተመራማሪ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የማያነቡት ነገር የለም፤ ሰው ጠይቆ መረዳት ላይ ግን ሰነፍ ናቸው። እንዲህ የምላቸው ስለምወዳቸው ነው። ይህ ጠባያቸው አንድ ወዳጃቸውን ለዓመታት ቅር እንዳሰኘባቸው ሳስብ ግን እበሳጫለሁ።

ወዳጃቸው አሊስተር ይባላል። የመርከብ መካኒክ የነበረ ስኮትላንዳዊ ነው። ስዊድናዊት አግብቶ እዚሁ ቀረ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእነ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ በላይ ባለው ፎቅ ብቻውን ይኖር ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐይቁ ዳር አብረው በእግራቸው ሲንሸራሸሩ አሊስተር የሚያወራው ስለ አገሩ ውስኪ ነበር። ሕፃን ክርስትና ሲነሳ እንደሚቀዳ፣ ሠርግ ላይ ባለ ሁለት እጀታ ጽዋ ተሞልቶ ሙሽሮቹ እየተቀባበሉ እንደሚጠጡት፣ ከቀብር መልስም በሟች ስም ብርጭቆ እንደሚነሳ ነግሯቸዋል። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ከዚህ ሁሉ የገባቸው፣ ውስኪ እዚያ አገር ትልቅ ክብር እንዳለውና እንዲሁ በዋዛ እንደማይጠጣ ነው።

በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ አሊስተር ክራቫቱን አስሮ በራቸውን ያንኳኳል። በእጁ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይዟል። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ በሁለት እጃቸው ይቀበሉታል፤ ጎንበስ ብለው ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ሳሎን ያለው ቡፌ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። እንግዳ ያመጣውን ስጦታ እፊቱ መክፈት በእኛ ዘንድ ስስት ነው፤ ያውም ውስኪ። ውስኪ ለአማች፣ ለልጅ ሠርግ ይቀመጣል እንጂ ማንም ብድግ ብሎ አይከፍተውም። ለአሊስተር ቀይ ወጥና ቢራ ይቀርብለታል። በልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ፣ ቡፌውን አየት አድርጎ ይወጣል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ልጃቸው ናርዶስ አንድ ቀን፣ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ፣ ይህ ሁሉ ለማን እንደሚጠራቀም ብትጠይቃቸው «ለአንቺ ሠርግ» አሏት። እሷ የማግባት ሐሳብ አልነበራትምና ሳቀችባቸው።

ባለፈው ጥቅምት አሊስተር ልቡን ታመመ። ከሆስፒታል ሲወጣ ብቻውን መኖር እንደማይችል ስለተነገረው፣ ስኮትላንድ ካለች እህቱ ዘንድ ሊሄድ ቤቱን ሸጠ። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ይህን ሲሰሙ፣ ሲጠብቁት የነበረው ትልቅ ቀን ይኸው ነው ብለው ወሰኑ። በስንብቱ ዕለት እትዬ ብርቅነሽ ጠረጴዛውን አሰናዱ፤ ከጠርሙሶቹ መጀመሪያ የመጣው ከቡፌው ወጣ። አሊስተር ገብቶ እንደተቀመጠ ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ከፍተው በሁለት ብርጭቆ ቀዱ።

አሊስተር ብርጭቆውን አነሳ፣ አሸተተው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ሐኪሞቹ ከልክለውኛል» አለ። «ጠብታ እንኳ አይፈቀድልኝም።»

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴም የራሳቸውን ብርጭቆ አስቀመጡ። አሊስተር ቡፌው ውስጥ የተደረደሩትን ጠርሙሶች እያየ ቀስ ብሎ ነገራቸው። እሱ ባደገበት መንደር በአዲስ ዓመት ጎረቤት ውስኪ ይዞ የሚመጣው፣ እዚያው ተከፍቶ፣ እንግዳና ባለቤት አብረው ቀምሰው ለቤቱ መልካም ዓመት እንዲመኙ ነው። ያመጣው ያልተከፈተለት ሰው ብዙ እንዲቆይ እንዳልተፈለገ ይገባዋል።

«ታዲያ ለምን በየዓመቱ ትመጣ ነበር?» አሉት።

«ዘንድሮ ይከፍተው ይሆናል እያልኩ።»

ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ አክብረውት እንደነበር፣ የእኛ ልማድ እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት። ለዚያ ሁሉ ዓመት ቅሬታ ምን ይጠቅማል? ጸጸቱ አንገበገባቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። አሊስተር አይቷቸው፣ ቢያንስ አንተ ጠጣና እኔ ልይህ አላቸው። እሺ ብለው ጠጡ።

«እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ብቻዬን ስጠጣው አይጣፍጥም» አሉት።