ሰው የተኛበት በር

«ማይክሮስኮፑ ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ይሄዳል ብያለሁ!» አሉ የአጎቴ ባለቤት።

«የጋሼ እጅ ያረፈበት ነው፤ አልሰጥም፣ እትዬ።»

«ምን ልታደርግበት? ግጥምህን ልታጎላበት?»

ጋሼ አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዳማ ባዮሎጂ ሲያስተምሩን የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ መስታወት ላይ አንጥፈው አዮዲን ጠብ ያደርጉበታል። መሸፈኛዋን መስታወት እኛ በችኮላ ስንጥላት አየር ይገባል። ከዚያ አረፋውን አይተን «ሴል አየሁ!» ብለን እንጮሃለን። እሳቸው ይስቃሉ።

«ያየኸው አየር ነው፣ ጀግናው! ቀስ በል፤ ሰው የተኛበትን ክፍል በር እንደምትዘጋ።»

ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ነው፤ «ቀስ» የሚለኝ የለም። ይህ ቃል ግን የሚቸኩሉ ልጆች ይፈልጋል። የማይክሮስኮፑን ሳጥን ለእትዬ አቀበልኳቸው።

«ልጆቹን ‹ቀስ በሉ› ይበሏቸው» አልኩ።

ሳጥኑን አቅፈው ወጡ፤ በሩንም ሰው የተኛበት ይመስል ቀስ አድርገው ዘጉት።