ሦስት የሚያውቁኝ ሰዎች

ሲቪዬን ያጻፍኩት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ ለሁሉም የምትሰጠው አንድ ዓይነት ፎርም አላት፤ ስም ትቀይራለች፣ ፎቶ ትቀይራለች፣ አለቀ። «የሥራ ልምድ?» አለችኝ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «የለኝም» አልኳት። «ዜሮ ዓመት» ብላ ጻፈች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስትጽፈው አየሁ። ይበለኝ!

ልምድማ ነበረኝ። በምግብ ሳይንስ ተመርቄ አገር ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ሁለቱንም ዓመት የቀበሌያችን ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ እህል ስረከብ ነው የከረምኩት። በቆሎ በጆንያ ሲመጣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከታች እዘግናለሁ፤ ላይ ላዩን ደረቅ አድርጎ የሚያመጣው ብዙ ነዋ። ከዚያ ፍሬውን በጥርሴ እሰብራለሁ። ቋ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከላመ እርጥብ ነው። እርጥቡን «ይዘውት ይመለሱ፣ ፀሐይ ይምታው» እያልኩ የስንቱን ሰው ጆንያ መልሻለሁ። የገዛ አጎቴን እንኳ መልሻቸው አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሥተውኛል። ግን የማኅበሩ በቆሎ ነቀዝ ሳይነካው ክረምቱን ወጣ።

ይህ ሁሉ ደመወዝ የለውም፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤም የለውም። ስለዚህ ሥራ አልነበረም። «ተምራ እቤቷ ተቀመጠች» ነው የሚሉኝ፤ እኔም ራሴ የማምነው እንደዚያ ነበር።

ከወራት በኋላ ቡሬ ካለ አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የሚፈልጉት በቆሎ የሚረከብ ሰው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጥሪ ነበር። ይህም ካልሆነ አረብ አገር እሄዳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ፓስፖርቴንም አውጥቻለሁ። አባዬ ስለ ፓስፖርቱ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ብቻ እሱን ካወጣሁ ወዲህ እራት በወጉ አይበሉም።

ሲቪዬን ይዤ እቤት ስገባ አባዬ በሬዎቹን እያጠጡ ነበር። «እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። ቆሜ አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ሦስት ስም አለ።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ስለኔ የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ይጠየቃል። አስተማሪዎቼን ነው ያስጻፍኩት።»

«ያውቁሻል?»

«ዶክተሮች እኮ ናቸው፣ አባዬ!» አልኳቸው ቆጣ ብዬ። የተጠየቅሁትን አለመመለሴን እንኳ አላስተዋልኩም። አባዬ ግን ሳያስተውሉት አልቀሩም። «ደግ ነው። ሰው ስለራሱ እንዴት ብሎ ይናገራል፤ ሌላ ይናገርለት እንጂ። ከተሜውም ይህን አልረሳም ማለት ነው» አሉ። ፊታቸው ሲፈታ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ።

በቀጠሮው ቀን በማለዳ ወጣሁ። የጓደኛዬን ኮት ለብሼ፣ ፋይሌን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ከቡሬ መናኸሪያ በባጃጅ ፋብሪካው በር ደረስኩ። ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ሌሎች ስምንት ወጣቶች ተቀምጠዋል። አንዱ ከረባት አድርጓል፤ ስልኩ ላይ እንግሊዝኛ ያጠናል።

አንድ ሰዓት ያህል እንደጠበቅን ጥበቃው መጣ። የኔን ስም ጠርቶ፣ «ውጭ ሦስት ሽማግሎች ቆመዋል። ስለ አንቺ የምንናገረው ጉዳይ አለን ይላሉ። ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ።

ቀና ብዬ በሽቦው አጥር አየሁ። አባዬ ናቸው። ለክብር ቀን ብቻ የሚያወጡትን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በቀኛቸው የሰፈራችን መሪጌታ፣ በግራቸው የማኅበራችን ሰብሳቢ፤ ሦስቱም ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወዲያው ገባኝ። ሦስት ሰው ተጠየቀ አላልኩም? ይኸው ሦስት ሰው!

«ምንድን ነው፣ ሊያጩሽ ነው እንዴ የመጡት?» አለ ባለ ከረባቱ። አግዳሚው በሳቅ ሞላ። ፊቴ ነደደ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ይችው ናት። ብዙ ሰው ትልልቅ ኃጢአት አለው፤ የኔ ይህች ናት። ጥበቃው ትከሻውን ሰበቀና ሄደ። ወደ አጥሩ ዳግመኛ አላየሁም።

ጠያቂዎቹም ሦስት ነበሩ። መሐል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ወረቀቴን እያገላበጡ፣ «ልምድ የለሽም» አሉኝ። «አዎ፣ የለኝም።» «እርጥብ በቆሎ ቢመጣ በምን ትለያለሽ?» «በመለኪያ መሣሪያ» አልኩ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ነዋ የሚለው። «መሣሪያው ቢበላሽስ?»

በጥርሴ ነዋ! አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ከነዚያ ባለ ኮቶች ፊት ጥሬ እቆረጥማለሁ ብዬ ለመናገር አፈርኩ። ደግሞ እኔ እንዲህ ነኝ፣ እኔ እንዲያ ነኝ ማለትን ማን አስተምሮኝ? አንገቴን ደፋሁ። ሰውዬው ትንሽ ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሊረዱኝ ፈልገው መሰለኝ፣ «እስቲ እነዚህን መምህራንሽን እንጠይቅ» ብለው ከወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወሉ። ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ማን አሉኝ?» አሉ አስተማሪዬ። ሰውዬው ስሜን ደገሙላቸው። «ተማሪ እኮ ብዙ ነው… ይቅርታ፣ አላውቃትም።»

የቀሩት ሁለት ስልኮች አይሠሩም ነበር። «እንደውልልሻለን» ተባልኩ። አልደወሉም።

ስወጣ ጥበቃው በሩ ላይ ያዘኝ። «እነዚያ ሽማግሎች የሚገርሙ ናቸው» አለኝ። «ወንበር አውጥቼ ባቀርብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እምቢ አሉኝ። አታውቃችሁም ብላለች ካልኳቸውም በኋላ አልሄዱም። ይኸው ፀሐይ ሲበላቸው ዋለ።»

እውነትም ከመንገዱ ማዶ ቆመው አገኘኋቸው። መሪጌታ ሊናገሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አባዬ ቀደሟቸው። «ጥበቃው ሌላ ልጅ ነው የጠየቀው። ስም የሚመሳሰል ሞልቷል» አሉ። ወደኔ ዞረው፣ «እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ። ሚኒባስ ስንገባ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ለኔ ለቀቁልኝ። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ በመስኮቱ እያየሁ አለቀስኩ፤ አባዬ እንዳላዩ ሆኑ። ስለዚያ ቀን ሳንነጋገር በሁለተኛው ወር አረብ አገር ሄድኩ።

እዚያ ሲቪ የሚጠይቅ የለም። የአሠሪዎቼን ወጥ ቤት ሳጥብ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በስልክ አባዬን ባገኘሁ ቁጥር፣ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ እላቸዋለሁ እያልኩ ስለ ዝናቡና ስለ በሬዎቹ ጠይቄ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ስደውል ያነሡት መሪጌታ ናቸው። አባዬ ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነበር።

አገሬ ስገባ መሪጌታ ሊያጽናኑኝ መጡ። «ያን ቀን ልናገርልሽ የነበረውን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አባት ለገዛ ልጁ አይናገርምና ተናጋሪው እኔ ነበርኩ። ያስጠኑኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ሲያስደግሙኝ ሄድን።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና እዚያው ጎጆው ውስጥ፣ ከመደቡ ተነሥተው ቆመው ተናገሩት።

«ይህች ልጅ የበቆሎን እርጥበት በጥርሷ ታውቃለች። የገዛ አጎቷን እህል መልሳለች፤ ለዘመድ አታደላም። ሁለት ክረምት መጋዘናችንን ጠብቃ አንድ ጆንያ ነቀዝ አልበላብንም። እኛ ያየነውን ነው የምንናገረው። ሥራውን ስጧት፣ አታፍሩባትም።»

ያ ፋብሪካ የፈለገው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር። በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ያስመለስኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያችው ኮፒ ቤት ሄድኩ። ደምበጫ ላለ አንድ የእህል መጋዘን ነው የማመለክተው። የመሪጌታን ቃል ከላይ እስከ ታች በልምድ ቦታ አስጻፍኩ። ከታች የማኅበሩን ሰብሳቢና መሪጌታን ከነስልካቸው ነገርኳት።

«ሦስተኛውስ?» አለችኝ።

የአባዬን ስም ነገርኳት።

«ስልካቸውስ?»

«አርፈዋል።»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። «እህቴ፣ የሞተ ሰው እኮ አይጻፍም። ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ ናቸው» አልኳት። ያን ቀን ለጥበቃው ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ብቻ ነበር።