ላቫጆውን የሚያየው ሰውዬ

ወደ ከሪማ ሻይ ቤት በየቀኑ የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለ። ኮቱ ቢነትብም ካውያ ተለይቶት አያውቅም። ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ማዶ ያለውን ላቫጆ እንደ ሲኒማ ያያል። ላቫጆው የሱ ነበር፤ የውሃ ጉድጓዱንም በገዛ እጁ ነው የቆፈረው። በአዋጅ ተወረሰና ቀበሌው ያዘው። ሊቀመንበሩ በማግስቱ ሞተሩን ሲያስነሳው፣ ድርርርር! ጠብ የሚል ውሃ ግን የለም። ይኸው ቸርችልን የሚወርዱት መኪኖች ጭቃቸውን ይዘው ያልፋሉ።

"እርስዎ ምን አርገውት ነው ጋሼ?" አለችው ከሪማ አንድ ቀን።

ከኪሱ ቀዳዳዋ የጠበበ የነሐስ ቁራጭ አወጣ። "ሞተሩ በአንዱ ቧንቧ ውሃ ቁልቁል ይልካል። ውሃው ታች ሲደርስ በዚች ጠባብ አፍ ተስፈንጥሮ፣ የጉድጓዱን ውሃ ይስብና በሌላው ቧንቧ ይዞት ይወጣል። መካኒኮቹ ላይ ላዩን ሞተሩን ይፈታሉ። ይቺን ግን የተባረርኩ ለት አውጥቻታለሁ።"

"ቢያውቁ ይገድሉዎታል!"

"ቀድመው ገድለውኛል ልጄ።"

ዛሬ ሊቀመንበሩ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ያ ነጎድጓድ ድምፁ ቀጥኖ፣ "ጋሼ፣ የተከሉት እርስዎ ነዎት፤ እባክዎ አንዴ ይዩልን" አለ።

ሰውዬው ሄደ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደ ሐኪም አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

"አዝናለሁ ጓድ፣ ደርቋል። ልጅ ሳይገባበት ድፈኑት።"

ተከትላው የሄደችው ከሪማ በሳቅ ልትፈነዳ ነበር። ሠራተኞቹ አፈር መገልበጥ ሲጀምሩ ግን የሰውዬውን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው።