አባባ ያጠበቁት ፋሸታ

ጎረቤቴን የግቢያችን ሰው ሁሉ ቶሎቶሎ ነው የሚለው። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። እሷ "ቶሎ ቶሎ ቤት" ብላ ትጀምራለች፣ "ግድግዳው ሰንበሌጥ" የሚለውን እኛ እንጨርስላታለን። እሱ አይቀየምም። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሸሚዙን እየሮጠ ይቆልፋል፣ ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ በሚያመላልስባት ፒክአፕም ሌላው አንዴ ደርሶ ሳይመለስ እሱ ሁለቴ ይመላለሳል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስናደድበት እንዳልረሳው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ያለችው መስኮት ሥር ስለሆነ ግቢው ውስጥ የሚሆነው ነገር ብዙም አያመልጠኝም። ወሬኛ ሆኜ አይደለም፤ ብርሃኑ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

ፒክአፗ ጭነት ሲበዛባት ዳገት ላይ ትለግም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ቶሎቶሎ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከውስጡ ራዲያተር የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣ። "ኢንተርኩለር ይባላል" አለን። ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ትኩስ ነው፤ እዚህ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ጉልበት ይጨምራል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ትንሽ ነው፣ ይሄኛው ግን እጥፍ ነው። ጋራዥ ውሰዳት ብንለው "ለአራት ብሎን?" ብሎ ሳቀብን።

አባቱን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ ቶሎቶሎን መሪ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። አሁን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲቀዳላቸው ብርጭቋቸው ከግማሽ እንዳያልፍ ይፈልጋሉ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው ግን የለም። በዚያ ቅዳሜ ወንበራቸውን መኪናዋ አጠገብ አስጠግተው "ያንን ብሎን አትጣለው፣ ይሄን አስቀድም" እያሉ ሲያዝዙ ዋሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ቶሎቶሎ የፊት መከላከያውን አወረደ፣ የድሮውን ፈታ፣ ቱቦዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ብሎን እንዳይገባባቸው መወተፊያ ጨርቅ ቢለምነኝ ከመጋረጃ የተረፈ አበባማ ቁራጭ በመስኮት ወረወርኩለት። አዲሱን ሲገጥም አባባ "አንዷን ፋሸታ እንኳ እኔ ላጥብቃት" አሉ። ፋሸታ ቱቦውን አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ልጃቸውም "ያጥብቁ አባባ" ብሎ ካቻቪቴውን ሰጣቸው። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው፣ ላባቸው ጠብ እስኪል ድረስ አጠበቁ። ሲጨርሱ እንደ ጎረምሳ ከት ብለው ሳቁ።

ግቢ ውስጥ ሲያስነሳት ደህና ነበረች። "ኑ ውጡ፣ ዳገቱን ላሳያችሁ!" ብሎ ሁላችንንም ጫነን። አባባና የቶሎቶሎ ሚስት ከፊት፣ እኔና ጎረቤታችን ባለሱቁ ከኋላ ሆንን። ዳገቱ መሃል ላይ ነዳጅ ሲሰጣት መኪናዋ በመፍጠን ፈንታ ትንፋሽ አጠራት። ጥቁር ጭስ እየተፋች ተንፏቀቀች፣ ኋላም ጭራሽ ቆመች። ባለሱቁ እየሳለ "እጥፍ ያልከው ጭሱን ነው እንዴ?" አለ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ፣ መንገደኛው ቆሞ ያያል።

ቶሎቶሎ ዘሎ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ያገኘው ነገር የለም። ሊያግዙት የወረዱት አባቱ ላይ ዞረ።

"አንተ ነህ!" አለ። "በዚህ በማይረባ እጅህ ነካክተህ አላልተኸው ነው! ማን ንካ አለህ?"

ከተወለደ ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብሏቸው አያውቅም። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። የባለሱቁ ሳቅ ደረቀ። አባባ ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"እውነትህን ነው ልጄ" አሉ። "አላጠበቅኩት ይሆናል። አርጅቻለሁ።"

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መኪናዋን ቁልቁል ገፍተን ወደ ግቢ መለስናት።

በማግስቱ ጠዋት ቶሎቶሎ ብቻውን የአባባን ፋሸታ ሊፈታ ተቀመጠ። ካቻቪቴው እየተንሸራተተ እምቢ አለው። በሁለት እጁ እያቃሰተ በስንት መከራ ፈታው። ቱቦውን ሲነቅለው አበባማው ቁራጭ ጨርቄ በአየር ተገፍቶ ኢንተርኩለሩ አፍ ላይ ተወትፎ ቁጭ ብሏል። የወተፈው ራሱ፤ በችኮላ ረስቶ ቱቦ የገጠመበትም ራሱ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጨርቁን ፈጥኖ ኪሱ ከተተ።

"አይቼሃለሁ" አልኩት።

"እትዬ፣ በናትሽ..."

"ምን በናትሽ? ሂድና ንገራቸው።"

"እነግራቸዋለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው እንጂ።"

"ትናንት ሰው ፊት ስታዋርዳቸውስ እንዴት ብለህ ነበር የጀመርከው?"

አንገቱን ደፋ። "ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ" አለኝ፤ አመንኩት።

አልነገራቸውም። ሚስቱ ስትጠይቀው ጭራሽ አባባ እየሰሙ "ፋሸታው ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት" አላት። ሁሉን ነገር ሲያጣድፍ የኖረ ሰው እውነት ለመናገር ብቻ ቀርፋፋ ሆነ። ፒክአፗ ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣው ጀመር፤ ጎረቤቱ ሲያደንቅ እሱ መሬት መሬት ያያል።

አባባ ምድጃ መለኮስ ተዉ። የቶሎቶሎን ሕፃን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ማቀፍ ተዉ። ቧንቧ ከዘጉ በኋላ መለስ ብለው ያያሉ፣ ይሄዱና እንደገና ይመለሳሉ። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጥተው "ልጄ፣ ዘግቼዋለሁ? እስቲ እይልኝ" ይሉኛል። ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። "ዘግተውታል አባባ" ስላቸው አያምኑኝም። ስለ ጨርቁ ልነግራቸው ስንቴ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ከልጃቸው አፍ ካልወጣ ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ቶሎቶሎን ባገኘሁት ቁጥር "ዛሬስ?" እለው ነበር። እኔን ሽሽት በጓሮ በር መውጣት ጀመረ።

አንድ እሑድ አባባ ቦርሳ ይዘው ከቤት ወጡ። ሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህታቸው ጋ ሊኖሩ ነው።

"እዚህ ሕፃን አለ" አሉን። "እሳት ለኩሼ ብረሳስ? እህቴ ጋ ብረሳ የምንቃጠለው ሁለት አሮጌዎች ነን።" ሊያስቁን ፈልገው ነበር፤ የሳቀ ግን የለም።

ሚስትየው ታለቅሳለች። ባለሱቁ ለመንገድ የሚሆን ብስኩት ይዞ ቆሟል። ቶሎቶሎ ቦርሳውን ፒክአፗ ላይ ሊጭን ጎንበስ አለና እዚያው እንደ ጎበጠ ቀረ።

"አባባ" አለ። "ፋሸታው አልላላም ነበር።"

"ምን አልክ?"

"ጠብቆ ነበር። ለመፍታት እኔ ራሴ አቅቶኝ ነበር። ቱቦው ውስጥ ጨርቅ ወትፌ የረሳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

አባባ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ፊታቸው ግን ሲበራ ሁላችንም አየን።

"እኔም እኮ አጥብቄዋለሁ ብዬ ነበር!" አሉ። "ሌት ተቀን ሳስበው፣ እጄ ላይ ያለው ስሜት የጠበቀ ፋሸታ ነው። እብደት ጀመረኝ ብዬ ነበር።"

ሚስትየው እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እኔም እፎይ አልኩ። አባባ ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"መቼ አወቅክ?"

ቶሎቶሎ አድኚኝ በሚል ዓይን ወደ እኔ አየ። እኔ ምን ላድርግለት?

"በማግስቱ" አለ።

"በማግስቱ።" አሉ አባባ። "ቧንቧውን ለማየት ደጋግሜ ስመላለስ ታየኝ ነበር?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ልጁን አላቅፍም ስልስ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። አፍሬ ነው አባባ። ይማሩኝ።"

ቦርሳውን ሊያነሳላቸው እጁን ሲዘረጋ ገፋ አደረጉት። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው አነሱት፤ አንዴ የመኪናዋን ጠርዝ ስቶ ተመለሰባቸው፣ ደግመው አነሱና ጫኑት።

"እጄን ፈርቼ ነበር የምሄደው" አሉ። "እጄስ ደህና ነው።"

የፊተኛውን በር ከፍተው ገቡና ተቀመጡ። ሚስትየው በመስኮቱ በኩል "አባባ፣ ይውረዱ እንጂ፣ ተነገረዎት እኮ!" እያለች ለመነቻቸው። በሩን ሳብ አድርገው ዘጉት። ቶሎቶሎ መሪውን ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ።

"ንዳ" አሉት፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ።

ነዳ። በሩ ላይ የቀረነው እርስ በርስ መተያየት አቃተን።