ለገና ያሞቅሁት ሳሎን

መተማ ላይ ቤቱ ሞቅ እንዲል የሚደክም ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሙቀት ሳይጠሩት ገብቶ አብሮ በሚያድርበት አገር፣ ለገና ቤቴን ሞቅ ደመቅ አደርጋለሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ተንገላታሁ። እስካሁን ሳስታውሰው እበሽቃለሁ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው። አማቴ የወገራ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ልጆች ወልደናል፣ የቆርቆሮ ቤት ሠርተናል። እሳቸው ግን በደወሉ ቁጥር ልጃቸውን «ከበረሃው መች ነው ወደ ቤትህ የምትመጣ?» ይሉታል። የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ እሰማለሁ። ታዲያ እኔ የምኖርበት ምንድን ነው? የቀን ሠራተኛ ማደሪያ ነው? ለገና እመጣለሁ ሲሉ፣ እኒህ ሴትዮ «ቤትሽ» ሳይሉኝ አይመለሱም ብዬ ቆረጥኩ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቆላ፣ ኮኪት ነው። የደጋ ቤት ያየሁት በሠርጌ ሰሞን እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ትንሽ መስኮት፣ መደቡ ላይ አጎዛ፣ ወለሉ ላይ ለምለም ቄጤማ። ውጭ ውርጭ፣ ውስጥ እሳት። ቤት ማለት ይኼ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩት። ስልኬ ላይ ደግሞ የከተማ ሴቶች ለገና የሚሰቅሉትን የሚብለጨለጭ መብራት አየሁ። ሁለቱን አዳበልኩ።

ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። ወፍራም ቀይ መጋረጃ አሰፋሁ። ቄጤማ በታኅሣሥ እዚህ የት ይገኛል? ሣሩ ከደረቀ ቆይቷል። በሹፌር ከጎንደር አስመጣሁ፤ ሸራ ሥር ታፍኖ ሲደርስ ድርቆሽ ሆኗል። ውኃ ብረጭበትም አልተመለሰም። የተደሰቱበት ፍየሎቹ ብቻ ናቸው።

ትልቁ ጠብ ግን በሰሊጡ ነበር። ባለቤቴ ዋጋ እስኪሻሻል ብሎ ያመረትነውን ሰሊጥ በየጆንያው ሳሎን ደርድሮታል።

«አውጣልኝ» አልኩት።

«የት ልውሰደው? ራኩባው ሥር?»

ራኩባ ግቢያችን ውስጥ ያለው በማሽላ አገዳ የተከደነ ዳስ ነው። የምንውለው፣ የምንበላው፣ ልጆቹም የሚያጠኑት እዚያ ነው። ለእንግዳ የሚታይ ነገር ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም።

እምቢ ሲለኝ ጆንያውን በወፍራም አልጋ ልብስ ሸፍኜ፣ አጎዛ ጣል አድርጌ መደብ አስመሰልኩት። መብራቱንም ዙሪያውን ጠመጠምኩበት።

«ሰሊጥ አየር ይፈልጋል፤ አታፍኝው» አለኝ።

የታፈንኩስ እኔ ነበርኩ። አልሰማሁትም።

አማቴ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ ደረሱ። በሠራሁት መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ መብራቱን አበራሁ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

«እሰይ፣ ያምራል» አሉ። ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጋቢውን ሊያወልቁ ሲሉ፣ ይግረማችሁና፣ «ይደርቡት እንጂ» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው ክንዳቸውን አከኩ። ከዚያ አንገታቸውን። ጋቢያቸው ላይ ጥቋቁር ነገር ሲሄድ አየሁ። አልጋ ልብሱን ስገልጠው፣ ሙቀት ያገኘ የሰሊጥ ተባይ ከየጆንያው ስፌት እየወጣ ይርመሰመሳል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም።

አማቴ ወጥተው ራኩባው ሥር የጠፍር አልጋው ላይ አረፍ አሉ። በዚያው ቀሩ። የገናም ዶሮ እዚያው ተበላ። ለማሽላ ቆረጣ ከጎጃም የመጡ ሠራተኞቻችን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ገብተው እዚያው ዋሉ፤ አማቴ ያገራቸውን ወሬ እየጠየቁ ያስቋቸዋል። «ነይ እንጂ፣ ቁጭ በይ» ይሉኛል በየመሀሉ። «መጣሁ» እልና ሳሎን ተመልሼ ተባይ እጠርጋለሁ፣ መጋረጃ አቃናለሁ። አጸዳድቼ ስጨርስ ይገባሉ ብዬ ነው። አልገቡም። ሦስት ቀን ሙሉ ያ መብራት ለባዶ ክፍል ሲብለጨለጭ ሰነበተ።

ሲመለሱ መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ቤቱን አልወደዱትም» አልኳቸው።

«ኧረ ያምራል። የኔኑ ቤት አይደል የሠራሽው? ብርዱ ብቻ ነው የጎደለው።» ስንቃቸውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «የኔን ቤትማ ቆልፌው መጣሁ፣ ልጀ። እኔ ሦስት ቀን ቤትሽ ቁጭ ብየ፣ አንች እዚያ የጆንያ ክፍል ትባክኛለሽ። ነይ ብልሽ መች ሰማሽኝ?»

መኪናው ተነሣ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን ቃል፣ «ቤትሽ»ን፣ ብለውኝ ሄዱ። ሦስት ቀን ቤቴ ነበሩ፤ ያልነበርኩት እኔ ነኝ።