የመረጃ ሰጪዎች ስም ዝርዝር

መካነ ሰላም ላይ የታሰርሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የገብስ አቧራ ፊቴን መታኝ። አሥራ አራት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ለእኔ የተረፈችው ቦታ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ነበረች። ከባልዲው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን በፍተሻ የወሰዱብኝ ደብተር ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። የያዙኝ ከከላላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ ነው። የአካባቢና የባህል ጥናት የሚባለው ትምህርታችን ከታሪኩም፣ ከጂኦግራፊውም፣ ከሕጉም፣ ከሃይማኖቱም እየቆነጠረ ያስተምራል። ለመመረቅ ስድስት ሳምንት ገጠር ተቀምጦ ሰው ማነጋገርና የመመረቂያ ጽሑፍ ማቅረብ ግዴታ ነው። እኔም የደም እርቅ እንዴት እንደሚወርድ አሥራ አንድ ሽማግሌዎች ጠይቄ ነበር። መምህራችን ደብተር ላይ ቁጥር ብቻ እንድንጽፍ አስተምሮናል። ስማቸው በመጨረሻ፣ ከጽሑፉ ጀርባ በሚያያዝ ቅጽ ላይ ይሞላል።

መርማሪው ደብተሩን ገልጦ አነበበልኝ። «ሰው 3 ከሰው 7 ጋር ተገናኝቶ ሁለቱን ወገን አቀራረበ።» የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ፈራሁ።

«ሰው ሰባት ማነው?»

«እርቅ የሚያወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ለትምህርቴ ነው ያነጋገርኋቸው።»

«ምንድነው የምትማረው?»

ዘረዘርሁለት።

«ይሄን ሁሉ የተማረ ሰው ምን ይሆናል?»

አባቴም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ያሥራ አንዱን ስም ከነቀበሌያቸው ጻፍ። ነገ ትወጣለህ፤ ትመረቃለህ።»

በዚያ ሰሞን የሸመገለ ሁሉ ለማን እንደሸመገለ እየታሰረ ይጠየቅ ነበር። አብዛኞቹ ሰባን ያለፉ ናቸው፤ የዚያን መጋዘን የሲሚንቶ ወለል አይችሉትም። ቢሆንም እውነቱን ልናገር፤ የሁለቱን ስም ልጽፍ አስቤ ነበር። ብዙም ያልወደድኋቸውን ሁለቱን መርጫለሁ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ፣ ከጎኔ የነበሩት የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ወረቀቱን አዩት።

«ምን ጻፍ አሉህ፣ ልጄ?»

ነገርኋቸው።

«አብሽር» አሉኝ። «እኔንም ያስመጣኝ እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። የጻፈውን ልጅ አውቀዋለሁ። ወላሂ አልረገምሁትም። ግን እንግዲህ ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ሊቀይር ነው፤ እሱ ያሳዝነኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ፤ የእስክሪብቶውም ያው ነው።»

ጠዋት ወረቀቱን ሞልቼ አስረከብሁ። ለመመረቅ የሚያስፈልገኝን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱ ጽፌበታለሁ። በመጨረሻው መስመር «የመረጃ ሰጪዎች ስም ዝርዝር፦ አልተሟላም» ብዬ ፈረምሁ። መርማሪው እስከ ታች አነበበው፤ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተውና «ወደ ክፍሉ መልሱት» አለ። አራት ወር ቆይቼ ያለ ክስ ተለቀቅሁ።

የትምህርት ክፍሉ ጽሑፌን ያለ ቅጹ አልቀበልም አለኝ። ደንብ ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የተሞላ ቅጽ ማን እጅ እንደሚደርስ ማወቅ አልችልም፤ ተውሁት።

ዛሬ ደጎሎ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያስጠርዙ ሲመጡ የስም ዝርዝሩን ገጽ አሁንም ሳላነብ ደፍቼ ነው የማልፈው። ባለፈው የገበያ ቀን፣ ስማቸውን ልጽፍ ካሰብኋቸው ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። አወቁኝ።

«ተመረቅህ?»

«ገና ነኝ፣ አባባ።»

«ምን ቀረህ?»

«አንድ ገጽ።»

«በል በርታ እንጂ» አሉኝ፣ ኮፒውን እየተቀበሉ። «አንድ ገጽ ምን አላት?»